ሃያ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች

ይድረስ አሰብ ላለኸው ለወንድም ጋሼ አባይነህ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት እያደረገህ ነው? የሺዓለም ወገቧን ተሻላት? ትንሹ መድኃኔስ ጥርስ አወጣ ወይስ ገና ድዱን ነው የሚያሳየው? እኛ አለን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ እኔም ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

በስሜ ጽፈህ የላክህልኝን የይቅርታ ማመልከቻ ሳልፈርም በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አንዴ ፈርመሽ ትምህርትሽን ብትቀጥዪ ምን ትሆኛለሽ ብለሃል። ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም ብዬ ነው ትቼ የወጣሁት። ትናንት ደግሞ ያው ነገር ሥራ ቦታ ድረስ መጣብኝ።

ፒያሳ፣ ጋሽ ደበሳይ ጽሕፈት ቤት መግባቴን ሰምተሃል። አማቻቸው ከጣሊያን ባመጡላቸው ኮምፒዩተር ነው የምንሠራው። ጓድ ዘበነ የሚባል ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት አምጥቶ አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ለተክርስቶስ ጻፉለት፤ ሃያ ሦስት ገጽ። ትናንት ሊወስድ ሲመጣ በየገጹ አናት ላይ መፈክር ይግባበት አለ። ሦስት መስመሯን አንዴ አስገብቼ ኮምፒዩተሩ በየገጹ አናት ላይ እንዲደግማት አዘዝኩትና ማተሚያውን ለቀቅኩት። አንዱ ገጽ ሙሉ፣ ቀጥሎ ያለው ከመፈክሩ ሥር ሦስት መስመር ብቻ ይዞ ባዶ፤ እንደገና ሙሉ፣ እንደገና ባዶ። አርባ አምስት ገጽ ሆኖ አረፈው።

ወረቀት በኮታ እንደሆነ ታውቃለህ። ሰውዬው ዓይኑ ቀላ። "ይቺ አሻጥር ናት! ግለ ሂስሽን ጽፈሽ ፈርሚ" አለኝ። ጋሽ ደበሳይ ደግሞ በጆሮዬ፣ "ጻፊለትና ይሂድልን፣ ልጄ" ይሉኛል። ደሜ ፈላ። "እኔ ያስገባሁት ሦስት መስመር ነው፤ ሃያ ሁለት ገጽ አልወለድኩም" አልኩት። ያቺ ወረቀት ፋይል ውስጥ ከርማ ምን ተብላ እንደምትወጣ ማን ያውቃል?

ቁጭ ብዬ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ምንም የለም። ኮምፒዩተሩ ቃል ስትሰጠው የሚፈልግበት ትእዛዝ አለው። ቃል በምጽፍበት ቦታ ላይ አዲስ ገጽ የሚያስጀምሩትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኳቸው። ተቀበለኝ። ፈልግ ስለው አንደኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ሄዶ ቆመ፤ ደግሜ ስለው ሁለተኛው ላይ። ለካ እትዬ ለተክርስቶስ ሃያ ዓመት በታይፕ ስለሠሩ ገጽ በሞላ ቁጥር ወረቀት የሚቀይሩ መስሏቸው ቁልፉን ይጫኑ ነበር። ማሽኑ ገጹን ራሱ ይቀይራል። ምልክቱ ስክሪኑ ላይ አይታይም፤ የእኔ መፈክር ጽሑፉን ሲገፋው ግን ከየገጹ ሦስት ሦስት መስመር ተርፎ ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈ፤ ምልክቱ ደግሞ ከሥሩ ሌላ አዲስ ገጽ ያስጀምራል። ሃያ ሁለቱንም እየፈለግኩ አጠፋኋቸው። ድጋሚ ሲታተም ሃያ አራት ገጽ፤ መፈክሩ የጨመረው አንዲት ገጽ ብቻ ነው።

ሰውዬው አሁንም አልበረደም። "ማናት ያስገባችው?" አለ። የእትዬ ለተክርስቶስ ጣቶች ታይፑ ላይ ደረቁ። አራት ልጅ ነው የሚያሳድጉት። "እኔ የፈለግኩት ምልክት ነው፤ ሰው ፈልጊ አልተባልኩም" አልኩት። "እንግዲያው አንቺ ትጽፊያለሽ" ብሎ ባዶ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ፊቴ አስቀመጠ። ወረቀት እንዳይባክን ብዬ ማተሚያው ላይ መለስኩለት። ሪፖርቱን አንጠልጥሎ ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ጋሽ ደበሳይ ሰኞ አሞኛል ብለሽ ቤት ዋዪ አሉኝ። እማዬም እንደሳቸው ናት። አላመመኝም፣ ወንድም ጋሼ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ ነኝ።

የሺዓለምን ሳምልኝ። መድኃኔን ጉንጩን ንከስልኝ፣ ግን እንዳታስለቅሰው። ጎረቤታችሁን ጥሩነሽን እንዴት ነሽ በልልኝ። እማዬ እግዚአብሔር ከሙቀቱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅህ ትላለች።

እህትህ አይናዲስ
አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ
ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን 1981 ዓ.ም.