ሦስተኛው ዙር

መስከረም 17፣ ማለዳ፣ ባሕር ዳር

የሰፈራችን ደመራ ሲዞር ከፊት የሚመሩት ሁልጊዜ አባዬ ናቸው። ዛሬም ጎሕ ሲቀድ ችቧቸውን አብርተው ወጡ፤ እኛም ተከተልን። ልማዱ ሦስት ዙር ነው። እሳቸው ግን አራተኛውን ቀጠሉ፤ ከዚያም አምስተኛውን።

መርሳት መጀመራቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አሁን ሰው ሁሉ ዐወቀ። ያም ሆኖ እሳቸውን "ይበቃል" የሚል ደፋር አልተገኘም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይዞራል። ከሐይቁ በኩል የመጣው ካፊያ ችቧችንን ያጠፋው ጀመር።

ሰባተኛው ላይ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ስንተኛችን ነው?"

"ሦስተኛው ነው፣ አባዬ።"

ፊታቸው በራ። "ተመስገን! ዘንድሮም ሳልሳሳት ጨረስሁ" ብለው ደመራውን ለኮሱት።

ሰፈሩ በሙሉ "አሜን" አለ። እኔም አሜን አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?