ጭራቁ ትኬት ይቆርጣል

ጥር 8፣ ከማታ ክፍል መልስ

ዛሬም አንደኛ ነኝ። መምህርት ሩት ሰሌዳው ላይ «ወዛደር» ብላ ጻፈች። ሰው ሁሉ ገና «ወ» ላይ ሲንተባተብ እኔ ጨርሼ አዛጋሁ። እውነቱን ላንቺ ብቻ፣ ደብተሬ፤ ስትጽፍ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው። ያም እውቀት ነው።

ከክፍል በፊት መናኸሪያ። በርበሬ፣ ሁለት በግ፣ አንድ አልጋ። ሁሉንም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አሰርኩ። እኔ ሎምቤቦ ያሰርኩት ጭነት አዲስ አበባ ደርሶም አይፈታም፤ በቢላ ነው የሚቆርጡት አሉ።

ትልቁ ወሬ። ትኬት ቆራጩ ጋሽ ሱልጣን ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ቦኖሻ ገብቶ እርሻውን ሊያይ። የትኬት መስኮቷ ባዶ ልትቀር። ለእኔ ትሁን አልኩት። ሳቀብኝ። መጀመሪያ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትህን አምጣ አለ። እሱን የሚፈርመው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። በምረቃው ዕለት እያንዳንዳችን የጻፍነውን ያያል፣ ከወደደ ይፈርማል።

ዕድሜ ልኬን ጣሪያ ላይ ነኝ። አሁን ጣሪያ ሥር መቀመጥ አማረኝ።

ጥር 11

ክፍሉ በሙሉ ለምረቃ ደብዳቤ ይጽፋል። ሁሉም ጤና ይጠይቃል፣ ማንም አይታመምም። እኔ ደብዳቤ አልጽፍም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ጭነት ሳስር። ልጆች ሳለን ያስፈራሩን የነበሩ ጭራቆች የት ገቡ? ሥራ ፈት መሆን ወንጀል በሆነበት ዘመን እነሱስ ሥራ አልያዙም? ይዘዋል። እዚሁ ሆሳዕና። እሥላቸዋለሁ። እንደ መማሪያ መጽሐፋችን፤ ላይ ሥዕል፣ ታች ቃል።

ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት። መስፊያው የጆንያ ወስፌ። ጥቁሩ ከሰል። ለደም ቀይ ሥር። ባለቤቴ አማረች፣ የዱራሜ ልጅ፣ ቀይ ሥር ስወቅጥ አይታ ለራት መስሏት መረቀችኝ። ኋላ ምርቃቱን መልሳ ወሰደች።

ጥር 19

ገጾቼን ስሚ።

ጭራቁ ትኬት ቆራጭ ነው። ሰው ይርበዋል፤ ግን ሥራ ላይ ነው። ተሳፋሪውን በመስኮት ያሸታል፣ ምራቁን ይውጣል፣ መልሱን ሳያጎድል ይሰጣል። «የሚቀጥለው» ይላል፣ እያለቀሰ።

ራስ የሌለው ፀጉር አስተካካይ። ራሱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ከዚያ ሆኖ እጁን ያዛል፦ ወደ ግራ፣ ኧረ ጆሮውን ተው።

ጅብ ሥጋ ቤት ከፍቷል። ሚዛኑ ልክ። አጥንቱን ለደንበኛ ሲያቀብል ብቻ ፊቱን ያዞራል፤ ማየት አይችልም።

አጽም ልብስ ሰፊ ነው። ሜትር ሲጠፋበት በገዛ ጎድኑ ይለካል።

ዘንዶ የተሸካሚዎች ገመድ ሆኖ ተቀጥሯል። ጭነት ላይ ተጠምጥሞ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከእኔ ቀጥሎ ጎበዝ እሱ ነው።

አማረች አየች። ጭራቁ ጋ ስትደርስ አማተበች። ጅቡ ጋ ሳቀች። ሳቁ አልቆም አላት፣ ቆጮው አረረ። ያረረ ቆጮ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

ጥር 24

ክፍል ይዤው ሄድኩ።

እኛ ማንበብ የምናውቀው በአንድ መንገድ ነው። መምህርት በዱላ ትጠቁማለች፣ እኛ ሦስቴ እንደግማለን። «ጭራቁ ሰው ይርበዋል።» አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ፣ ሦስት ጊዜ፣ በሙሉ ድምፅ። የቀበሌው ዘብ ጠመንጃውን ይዞ ሮጦ ገባ። ቆመ። አየ። ጅቡ ጋ ስንደርስ እሱም አብሮን ይደግም ነበር።

የተሣሉት ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። ሥጋ ሻጩ ጭራሽ ጅቡን ሱቄ ላይ ልስቀለው ይላል። የተቀየሙት ያልተሣሉት ናቸው። ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሰውዬ በር ላይ ያዘኝ፤ እኛ ምን አጠፋን፣ ጭራቅነት አነሰን ወይ ይላል። የወፍጮ ጭራቅ ቃል ገባሁለት። ዱቄት የሚያስነጥሰው።

ጥር 27

ዘቡ ለሊ/መንበሩ ነግሮ ኖሯል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ መጽሐፌ አጀንዳ ሆነ።

ሕዝባችን ስብሰባ ላይ የሚያውቀው ሂስና ግለ ሂስ ነው። ጭራቆቹን እንደ ሠራተኛ ይገመግማቸው ጀመር። ጓድ ጭራቅ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ድክመቱ፣ እንባው ትኬት ያበላሻል። ጓድ ጅብ የግል ፍላጎቱን ለሰፊው ሕዝብ ሠውቷል። ጓድ አጽም ራሱን ይጠብቅ፣ ከስቷል። አንዱ ተነሥቶ ጭራቁ ግለ ሂስ ያድርግ አለ። ማን ያድርግለት? እኔ። ቆምኩ። አዎ ጓዶች፣ አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ጣት ልሻለሁ፣ አይደገምም አልኩ። ጭብጨባ።

ሊ/መንበሩ ብቻ አልሳቀም። ሲስቅ ያየው ሰው የለም። መጽሐፉን ዘጋና ጠየቀ፦ እነዚህን ሁሉ ሠራተኞች የሚመራቸው ማነው? ሊቀመንበር የላቸውም? ለምረቃው ሥለህ አምጣ፣ አይቼ እፈርማለሁ አለኝ።

መጽሐፌን አንሥቼ ወጣሁ።

የካቲት 1

ጭራቅ አድርጌ ብሥለው እታሰራለሁ። በጭራቆች መሐል ሰው አድርጌ ብሥለው ከሠራተኛው ነጠልከኝ ይላል። ካልሣልኩት ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ መስኮቷ የለች። ጋሽ ሱልጣን ደግሞ ጨመረበት፤ ሎምቤ፣ ፍጠን፣ ከሀቢቾ አንድ ሰው ምስክር ወረቀቱን ይዞ ለመስኮቷ ሊያመለክት መጥቷል አለ።

መምህርት ሩት፣ ባንዲራ ብትሥልስ? አለች። ባንዲራ ፊት የለውም።

አማረች ቆጮ እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦ አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ፊት ሣል። ራሱን የሰደበ ሰው አይታሰርም። ቀንድ አድርግበት።

በመስታወት ስባሪ ራሴን አየሁ። መልከ መልካም ነኝ። ቀንድ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

የካቲት 4

አለቀ። የእኔ ቅንድብ፣ የእኔ አፍንጫ፣ የእኔ ፍንጭት ጥርስ። ሁለት ቀንድ፤ አንዱ ላይ ማኅተም፣ አንዱ ላይ ቆብ ተሰቅሏል። ከሥሩ የሚለው፦ «ዛሬ ስብሰባው አጭር ነው።» ጭራቆቹ ሰምተው በድንጋጤ ወድቀዋል። የፀጉር አስተካካዩ ራስ ከመደርደሪያ ተንከባሏል።

ቃሉን ልፋቀው ይሆን? አማረች አትንካው አለች።

የካቲት 6፣ የምረቃ ዕለት

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌ ቢጠምም አትፍረጂብኝ።

ሊ/መንበሩ ገለጠ። ገለጠ። መጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ። ቃሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ ገጹን ከፊቱ ጎን አነሣና ሕዝቡን ጠየቀ፦ እኔን ይመስላል ወይስ አይመስልም?

ሰውዬው ቀጭን ነው፣ መላጣ ነው፣ ቅንድብ የሚባል አልፈጠረበትም። ሕዝቡ ግን በአንድ ድምፅ፦ ቁርጥ እርስዎን።

ያኔ ሳቀ። ጥርሱ ታየ። ለካ ፍንጭት ነው። ስቆ ስለማያውቅ ማን ይወቅ።

ፈረመ። ማኅተም መታ። ንግግር ሊያደርግ ተነሣ፤ ሁላችንም ለረጅሙ ተመቻችተን ተቀመጥን። ስብሰባው አጭር ነው ብሎ ወጣ። ሰው ከወንበሩ ለመነሣት እንኳ ዘገየ።

አማረች የድግስ ምግባችንን፣ አተካና፣ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ቅቤው ከቡላው በልጦ። ትንሽ ቅር ያለኝ፣ መልኬን ቀበሌው ወረሰው። ግድ የለም። አበደርኩት።

የካቲት 13፣ ጠዋት፣ መስኮቷ ውስጥ

ከመስኮቷ ውስጥ ነው የምጽፍልሽ።

ጋሽ ሱልጣን ቁልፉንና የወንበሩን ትራስ ሰጥቶኝ ወደ ቦኖሻ ሄደ። ዕቃውን ራሴ ጣሪያ ላይ አሰርኩለት፤ የመጨረሻዬ። ሲወጣ የጭራቁን ገጽ ከመስኮቱ በላይ ለጥፎልኝ ኖሯል። ተሳፋሪው መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን። ከፊት ያለች ሴት ቁርስ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነኝ አልኳት። አንድ እርምጃ ሸሸች። ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ፣ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ ሰልፍ መናኸሪያው አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ወሰንኩ። ከዛሬ ጀምሮ ቁርስ በልቼ አልመጣም። ሥራው ረሃብ ይፈልጋል።

ቆይ፤ አንድ የሀቢቾ ሽማግሌ መልስ ጎደለኝ ብለው ጣታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ልክ አፍንጫዬ ሥር እያወዛወዙ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም…