ጌቾ፣ ፍሪሲዮኑን የበላው እግሬ አይደለም

ጌቾዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። አልቅሼ ጨረስኩ አልልህም። ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመ ነገር ወረደልኝ፤ ላንተ ሳልነግርህ ማደር አልቻልኩም።

ቤቱ ያው ነው። የቡራዩ ጭቃም ያው ነው፤ በራችን ድረስ ይነጠፋል ብለህ የማልክልኝ ኮብልስቶን እስካሁን አልመጣም። ቀይዋ ስፖርት መኪናህ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ሽጫት ይለኛል። የኔ እኩያ የሆነች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን መኪና ለብቸኛ ሴት ምን ትሠራለች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ልሸጣትም ልነዳትም አልቻልኩም። ባየኋት ቁጥር ያቺ እሑድ ትመጣብኛለች።

ወደ ሱሉልታ ስንወጣ የምነዳው እኔ ነበርኩ። እንጦጦ ዳገት መሀል ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ከኋላችን ሚኒባሱ ሁሉ ጡሩምባውን ይለቅብናል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንተም ግልፍተኛ ነበርክ። እግርሽን ፔዳሉ ላይ እያስተኛሽ ፍሪሲዮኑን በላሽው ብለህ በሰው ፊት ጮህክብኝ። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ የምትጠላውን ሁሉ እየመረጥኩ ተናገርኩህ። በገመድ ተጎትተን ተመለስን። ከዚያ ምሳህን በዝምታ አቀርባለሁ፣ አንተም በዝምታ ትበላለህ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ልብህ ቆመ። እንደተኳረፍን ሞትክብኝ። መኪናውን ያበላሸሁት እኔ፣ ቂም አስይዤ የቀበርኩህም እኔ እያልኩ ዓመት ኖርኩ።

ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ከጋራዥ ጡረታ ወጥተውም ቱታቸውን እንዳላወለቁ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ በኦሮምኛቸው "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርሽ ብለው ገቡና መኪናዋን እንፍታት አሉኝ። በክሪክ አነሳናት። እኔም ያንተን ቱታ እጅጌውን ጠቅልዬ ለበስኩና ከሥሯ ገባሁ፤ ብትስቅብኝ አልፈርድብህም። ካምቢዮውን እያንገዳገደን አሮጌ ጎማ ላይ አወረድነው። የፍሪሲዮኑን ሸራ፣ ያንን ክብ ሰሌዳ፣ አውጥተው ሲሰጡኝ በዘይት ርሶ ጠቁሯል። ለካስ የሞተሩ ዘይት ማገጃ አርጅቶ፣ ዘይቱ እየፈሰሰበት ኖሯል የሚንሸራተተው። እግሬ አይደለም ጌቾ። ሰማህ? እግሬ አይደለም።

እኔ እንዲህ ስል ኦቦ ቶሎሳ መፍቻቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዚያ ነገሩኝ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ እኔ በሌለሁበት ጠርተሃቸው ከሥሯ ገብተው ዘይቱን አይተዋል፤ አንተም አይተሃል። በአፍህ ይቅርታ ማለት ቢያቅትህ፣ እሑድ ሽማግሌ ሆነው መጥተው እንዲያስታርቁን ለምነሃቸዋል። እሑድ ሳይደርስ ግን ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። መልእክትህን እንደያዙ ለቅሶ ተቀመጡ። ላኪው ከሞተ ሽማግሌ ምን ብሎ አፉን ይከፍታል እያሉ፣ እያፈሩ ዓመት አለፈ። ለአፍታ ልቆጣቸው ነበር። ዓመት ሙሉ! ግን ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

"ልጄ፣ ባልሽ አጥፍቻለሁ ብሏል። እኔን ልኮኛል፤ ይቅር በይው" አሉኝ።

ሸራውን እንደያዝኩ ብድግ ብዬ ይቅር ለእግዜር አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትንሽ አስለምን ነበር፤ ታውቀኛለህ። እኔም ወዳንተ የምልከው ሽማግሌ የለኝምና፣ ላንተ ሆነው ይቅር እንዲሉኝ እሳቸውኑ ለመንኳቸው። ይቅር አሉኝ። ከዚያ ሁለታችንም መሬቱ ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን፤ ግን ደስ የሚል ለቅሶ ነበር።

ሸራውን መርካቶ አዲስ አስለበስኩት፣ ማገጃውንም ቀየርነው። ትናንት ገጥመን ጨረስን። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሱሉልታ ድረስ ነዳኋት። ዳገቱን ምንም ሳትል ወጣችው። እኔም ከዓመት በኋላ እፎይ አልኩ።

ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ተኳርፈን ሞተ አልልም። በአፉ ይቅርታ ማለት ቢያቅተው ሽማግሌ የላከ ባል ነበረኝ እላለሁ። እስክመጣ ድረስ የማስታውስህ በዚህ ነው። ታርቀናል ጌቾዬ።

ሚስትህ ሙሉ