ድንኳን ያልገባው ክራር

መስከረም 20፣ ሐሙስ፣ ማለዳ
በርበሬ ላጥብ ውሃ እየቀዳሁ ግቢው በሰው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከፊት ጋሼ ታደሰ፣ የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ገባኝ። ልጄ ዮናስ ትናንት ከቡሬ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጧል።
ሰፈሩ በሙሉ ከትናንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘነበች አመሻሽ ላይ መጥታ ወንፊት ተውሳ፣ ስቃ ሄዳለች። እያወቀች። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር አላጣሁትም። ሳቋን ግን አልረሳላትም።

መስከረም 21
ቀበርነው። እጄ አይጽፍም።

መስከረም 23፣ እሁድ
ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። በእኛ ልቅሶ የሟች ዕቃ ወጥቶ ይለቀስበታል። ለአባቱ ጠመንጃውና ካፖርቱ ወጥቷል። ለዮናስ ክራሩን ይዤ በር ላይ ስደርስ ጋሼ ታደሰ ከእጄ ወሰዱት።
“የአዝማሪ እናት ልትባይ ነው? ሰው ምን ይለናል?”
ጓዳ መልሰው የምርቃት ፎቶውን አወጡ። ጥቁር ጋውን፣ ባርኔጣ። አካውንቲንግ ተምሮ፣ አንድ ዓመት ቢሮ ተቀምጦ የተወውን። ለቀስተኛው በዚያ ፎቶ አለቀሰ። እነዚሁ ሰዎች ናቸው በልጆቻቸው ሰርግ በክራሩ ላብ እስኪያጠምቃቸው የጨፈሩት።

ጥቅምት 12
ጫልቱ መጣች። ከዮናስ ጋር የምትዘፍነዋ። ሃርሜ ነው የምትለኝ፣ እናቴ ማለቷ። ዳሪሙ ገጠር ሰርግ ሲጠሩ፣ ሽማግሌዎቹ የጥንቱን የጀግና ዘፈን፣ ጌረርሳን፣ ሲያዜሙ ዮናስ በክራር ይከተላቸው ነበር አለችኝ። አንድ አዛውንት የአባቴን ዘመን መለስክልኝ ብለው ግንባሩን ስመውታል። ለእኔ አልነገረኝም። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም አስጠላኝ። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ጋውኑ ብቻ ስሰማ ነው የሰነበትኩት።
ክራሩን ላሳያት ጓዳ ገባሁ። የለም።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ
ጋሼ ታደሰ ለሆቴል ሰጥተውታል። ሳይጠይቁኝ። ለክብሩ ነው ይላሉ። ልቅሶ ላይ ያሳፈራቸው ዕቃ መጠጥ ቤት ሲገባ ክብር ሆነ።
ከጫልቱ ጋር ሄድኩ። በሩ ላይ ማስታወቂያ። የልጄ ፊት፣ ከላዩ “ጣተ ጎበዙ”። ከሥሩ፦ የመታሰቢያ ምሽት፣ ሁለት ቢራ ለጠጣ አንድ በነጻ። አርባው እንኳ አልወጣም።
ክራሩ ከቢራው ፍሪጅ በላይ ተሰቅሏል። ዮናስ ጅማቱን ሳያላላ አይሰቅልም ነበር። እነሱ እንደተወጠረ ሰቅለውት ቆዳው ጠርዙ ላይ ተተርትሯል። መሀሉ ላይ የቢራ ተለጣፊ። የሆቴሉን ባለቤት አውርድልኝ አልኩት።
“እትዬ፣ ለዛሬ ማታ ብቻ ይቆይ። ሟቹ እንደሆነ አይቸኩልም።”
አስተናጋጆቹ ሳቁለት።
ወንበር ስቤ ራሴ ወጣሁ። ጫልቱ ወንበሩን ያዘችልኝ፤ ሰውየውንም በኦሮምኛ ወረደችበት። ሳቁ ቆመ። ተለጣፊውን ቤቴ ገብቼ በጥፍሬ ፋቅኩት። እጄ ቢራ ቢራ ይሸተኛል። ብታጠብም አይለቅም።

ጥቅምት 28፣ ከ/ሰዓት
ነገ አርባው ነው። ጋሼ ታደሰ ያንን ፎቶ አስተልቀው፣ መስታወት አስገጥመው አመጡ። ነገ ድንኳኑ መሀል የሚቆመው ክራሩ ነው አልኳቸው። እንዲያ ከሆነ አልመጣም አሉ። እንደወደዱ አልኩ። ፎቶውን በብብታቸው ይዘው ሄዱ።
የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ። ክራሩ ቤ/ክ አይግባ እንጂ ድንኳኑ የአንቺ ነው አሉኝ። ጫልቱ ቆዳውን ላሰፋው አለች። ተይው አልኳት። የተተረተረውን ይዩት። ማን ምን እንዳደረገው ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።
ማስታወሻዬ፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ያነብሽ ይሆናል። አንባቢዬ ሆይ፣ ጣቱ ጎበዝ ነበር የሚለው ይቅርብኝ፤ ያንን ሆቴሉም ብሎታል። ክርስቲያንም ሁን እስላም፣ በምታውቀው ጸሎት ነፍሱን አስብልኝ። በቤተ ክርስቲያን የምታስበው ከሆነ የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።