ሣር የሚመስለው ራዲያተር

ኅዳር 4

ብርድ ነው። የመኪና ራዲያተር ስንበይድ ዋልን። ልጄ ጥግ ላይ ብረት መያዣው ሞርሳ ጋ አጎንብሳ የመዳብ ላሜራ ታጣምማለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቁም ነገር ከሆነ ራሷ ታመጣዋለች።

ኅዳር 7

አመጣችው። ባለፈው የአዲሱ የሠርግ አዳራሽ ባለቤት መጥቶ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚገጠም ማሞቂያ ይፈልጋል፤ መክደኛ የሌለው፣ ሆዱ በግልጽ የሚታይ፣ ለዓይን የሚያምር። «እኔ ራዲያተር እሠራለሁ እንጂ ሙሽራ አልኩልም» ብዬ ሸኘሁት። እሷ ግን ናሙና ሠርታለታለች። ቱቦዎቹ እንደ እኔው ናቸው። በመሀላቸው ያሉት ክንፎች ግን... እያንዳንዱ ለየብቻው ታጥፎ፣ ነፋስ ያጎነበሰው ሣር መስሏል።

«እንዴት ነው አባባ?»

«ማን ይግጠዋል?» አልኳት።

ቀጭኔ ሳቀ። በያጃችን ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቁመቱ ነው። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠ።

«ሙቀቱ እኮ አልቀነሰም። ለክቼዋለሁ።»

«ካልጨመረስ ምን ይሠራል?»

«ይታያል።»

ይታያል! ዕድሜዬን ሙሉ ማንም የማያየውን ነገር ስሠራ ኖሬ... አስተማሪ አልነበረኝም። የተበላሸ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ስንቱን ሆድ ስከፍት ጌጥ አላገኘሁበትም።

ኅዳር 8

እራት ላይ እናቷ «አንድ ቀን እንኳ ጎሽ ብትላት አፍህ ይጣመማል?» አለችኝ። ጎሽ የተባለ ሰው እዚያው ይቀራል። እኔን ማን ጎሽ ብሎኝ ያውቃል?

ኅዳር 11

ሰውዬው ነገ ሊያይ ይመጣል። በስልክ ነግራው ቸኩሏል። መዳቡን በሎሚ ስታሸው ዋለች። ያብረቀርቃል። «ይሄን ካየ የትም አይሄድም፤ ሥራው የኔ ነው» አለችው ለቀጭኔ።

የኔ አለች። የኛ አላለችም።

ኅዳር 12

ምሳ ልትበላ ስትወጣ ጥቁሩን ቀለም አነሳሁ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ሁሉ ጥቁር ነው። ለሷ ተብሎ የሚሻር ደንብ የለም።

«ጋሼ ይተዉ... ባይሆን በስሱ» አለ ቀጭኔ።

አወፈርኩት። ቀለሙ በክንፎቹ መሀል ገብቶ ደፈነው። ሣሩ ሬንጅ ሆነ።

ተመልሳ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ሰውዬውም ከኋላዋ ደረሰ።

«የቱ ነው?»

እኔ አሳየሁት። «ይሄው። የልጄ ሥራ።»

ጎንበስ ብሎ አየው። በጣቱ ነካው፤ ቀለም ያዘው። «ያረረ ዳቦ ይመስላል» አለ። «በሉ ተዉት። ያንን የተለመደውን ሥሩልኝ።»

እሱ ከወጣ በኋላ እጇን ታጠበች። ሽርጧን ሰቀለች።

«ብትነግረኝ እኔው እቀባልህ ነበር» አለችኝ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ... ምን? ምንም።

ኅዳር 20

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። አክስቷ ቤት ገብታለች አሉ። እናቷማ እዚሁ ናት፤ አታናግረኝም እንጂ። ዛሬ ብቻ አፏን ከፈተች፦ «ጫማ ቤት ተቀጥራለች።»

ይሁን። የሰው እግር ለክታ ትብላ።

ታኅሣሥ 15

የአዳራሹን ማሞቂያዎች ከቀጭኔ ጋር ገጠምን። አንድም የሚያፈስ የለ። ቀጭኔ ቀኑን ሙሉ አልቀለደም።

ጥር 9

ሰውዬው አስጠራኝ። አዳራሹ አልሞቅ ብሏል። ሄጄ አየሁ። በየማሞቂያው ፊት በቅርጽ ያጌጠ ጣውላ አቁሞበታል! ሙቀቱ ከጀርባው ታፍኖ ግድግዳ ይቀቅላል።

«ጣውላውን አንሳ።»

«አንስቼ ያንን አስቀያሚ ነገር ላሳይ? ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱት እዚህ ጋ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ብረድ።»

አንገቱን አከከ። «ያኔ ልጅዎ በስልክ የነገረችኝ አለ አይደል... መዳቡ፣ ሣር የሚመስለው። እሱስ መጋረጃ አይፈልግም ነበር። ያንን ጥቁሩን ከምታሳዩኝ ለምን እሱን አላሳያችሁኝም?»

«አይተኸዋል» አልኩት።

አልገባውም። አላስረዳሁትም።

ጥር 12

ጫማ ቤቱ ሄድኩ። ለአንዲት ሴትዮ ጫማ ስታጠልቅ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይግቡ አባት፣ ይቀመጡ። ቁጥርዎ ስንት ነው?»

እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሽማግሌ። ተቀመጥኩ።

«ሰውዬው ያንን ሥራ ይፈልጋል» አልኳት።

«የትኛውን?» እያወቀች።

«ሣሩን።»

«እሱ እንኳን የለንም። እኛ ጋ ያለው ጫማ ነው።»

ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ። ቁጣ ቢሆን አውቅበታለሁ። ፈገግታ ነው ያለው፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ የሚታደል።

ተንበርክካ ጫማዬን ፈታች። አዲሱን አጠለቀችልኝ፣ ማሰሪያውን ሳበች። አውራ ጣቷ ላይ የብየዳው ጠባሳ አልጠፋም።

«ተመቸዎት?»

ጠቦኛል። ትንሿን ጣቴን እንደ ጉጠት ይዟታል።

«ልክ ነው» አልኩና አድርጌው ወጣሁ።