የኋለኛው ሳተላይት

ጁላይ 4

ከንጋት ጀምሮ መብራት የለም። የሥራ ግቢያችን ውስጥ ብየዳ የለም ማለት ነው። ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጣለ ስልክ ይፈታታል፣ ያወራል። አንዱ ከቆሻሻ የሠራውን የሚለበስ ሮኬት፣ ሌላው የልብ መመርመሪያውን ለዓመታዊው የጎዳና ሰልፍ ያዘጋጃል። እኔም ሳተላይታችንን ከግድግዳ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩለት። ሁለት የሚለበሱ ሣጥኖች፣ መሃላቸው ገመድ። የፊተኛው የመንትያዬ የንሲምባ፣ የኋለኛው የኔ።

ንሲምባ ከኪንሻሳ ወጥቶ ፖይንት ኑዋር ወደብ ሥራ ከገባ ዓመት አለፈው። ለሰልፉ ግን እመጣለሁ ብሏል። "አንተን ማን ይመራሃል?" ነው ያለው።

በር ላይ ቺክዋንግ፣ በቅጠል የተጠቀለለ የካሳቫ ዳቦ፣ የምትሸጠው ማማ ኤኮፎ ሣጥኑን አይታ "የቆሻሻ ሙሽሮች ልትወጡ ነው?" አለችኝ። ሁሌም እንደዚሁ ነች።

ጁላይ 9

የግቢያችን ሕግ ነው፤ የሠራኸውን ከመልበስህ በፊት እውነተኛው ምን እንደሚሠራ ለሁሉም ታስረዳለህ። በየዓመቱ፣ እንደ አዲስ። ድሮ ንሲምባ ነበር የሚናገረው። ዛሬ እኔ ተነሣሁ።

"ሁለት ናቸው። አንዱ አንዱን ተከትሎ ምድርን ይዞራሉ። ሥራቸው በመሃላቸው ያለውን ርቀት መለካት ነው።"

"ለምን ይለካሉ?" አለ የግቢው ታላቅ፣ ያያ ሉቤሎ። መልሱን እያወቀው።

"ርቀቱ ሲለዋወጥ፣ ከበታቻቸው ያለው ምድር የቱ ጋ እንደሚከብድ ይታወቃል።"

"ታዲያ ያንተ የኋለኛው ምነው ዓይን የለው?"

ሳቁ። አስበንበት እኮ ነው ያልቀደድነው። የኋለኛው የፊተኛውን ብቻ ይወቅ ብለን። ስንት ሰልፍ በንሲምባ ድምፅ ብቻ ሄድኩ... "ጉድጓድ፣ በግራ"፣ "ታክሲ፣ ቁም"። ማየት አምሮኝም አያውቅም።

ጁላይ 15

ደወልኩ። አላነሳም።

ጁላይ 16

እሱ ደወለ። ሥራ በዝቷል አለ። ከዚያ፣

"ንዙዚ፣ አሁን እኮ የልጅ አባት ነኝ። ቆሻሻ ለብሼ መንገድ ለመንገድ ልዙር?"

ቆሻሻ። ማማ ኤኮፎ ስትለው ያስቀኛል። አብረን ለቅመን፣ አብረን በይደን... "እሺ" ብዬ ዘጋሁት። ሌላ ምን ይባላል?

ጁላይ 20

ያያ ሉቤሎ "ለኋለኛው ዓይን ልቅደድለትና እሱን ብቻ ልበስ" አለኝ። እምቢ አልኩ። "እልኸኛ" ብሎኝ ሄደ። የፊተኛውን ለብሼ ባዶውን እየጎተትኩ ሞከርኩ። በሩ ጋ ስደርስ ተገለበጠ።

"የኋለኛው ምነው ተኛ?" አለች ማማ ኤኮፎ።

"ሰው የለውም።"

"ወንድምህስ?"

"አይመጣም።"

አልተሳደበችም። ይሄ ነው የከፋኝ።

ጁላይ 27

ዛሬ ሰልፉ ነበር። የፊተኛውን ለብሼ ከግቢ ልወጣ ስል ገመዱ ከኋላ ተሳበ። ባዶ ሣጥን ደግሞ ይስባል? ዞር ብል ከሣጥኑ ሥር የማማ ኤኮፎ ነጠላ ጫማ።

"ቺክዋንጉስ?"

"እህቴ ይዛዋለች። ሂድ እንግዲህ። ሣጥኑ ሲጠብ ደግሞ! እናንተ መንትዮች ሥጋ የሚባል ነገር የላችሁም።"

ሄድን። መንገዱ ይሄን ያህል ሰው አለው? የሚያጨበጭቡ ሾፌሮች፣ በረንዳ ላይ የወጡ ሴቶች፣ አባታቸው ትከሻ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት... ንሲምባ ይሄን ሁሉ ያይ ነበር። አንድም ቀን አልነገረኝም። ጉድጓድና ታክሲ ብቻ። ተናደድኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ዝም ብዬ እሄዳለሁ።

ገመዱ ተሳበ። "አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልክ? እዚህ እኮ ጨለማ ነው።"

እኔ ንሲምባን እንዲህ ብዬው አላውቅም። ይጠየቅ ነበር ለካ።

"ጉድጓድ፣ በቀኝ" አልኳት። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ፣ "ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እጇን እያወዛወዘችልሽ ነው።"

"ለኔ?"

"ላንቺ።"

"ቆንጆ ናት?"

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ማን እንደሆነ አላጣሁትም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እኔ ስለ ልጅቷ ጫማ እየነገርኳት ነበር።