ከመዝገቡ ውጭ የተቀመጡት

ኅዳር 3፣ ከጧቱ 3 ሰዓት
የሰቆጣ ፖሊስ ጣቢያን መዝገብ ገጽ በገጽ አየሁ። እስረኛ አራት፤ አራቱም በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርበዋል። ማስታወሻዬ፣ ኩራቴን ላንተ ካልነገርሁ ለማን ልንገር? የአገው ገበሬ ልጅ፣ ፖሊስ የምቆጣጠር ዐቃቤ ሕግ! አዛዡ መቶ አለቃ ወንበሩን ለቀቀልኝ። የወሩን ሪፖርት ጻፍሁ፦ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው የለም። ፊርማ፣ ማኅተም። ደሴ ላሉት አለቆቼ ተላከ።

ኅዳር 5፣ ጧት
አንዲት እናት ከዝቋላ መጡ። ሁለት ቀን በእግር። አማርኛው ሲያስቸግራቸው በአገውኛ አናገርኋቸው፤ እፎይ አሉ። በመንደራቸው በሬ ተሰርቋል። ፖሊስ ወንዶቹን ሰብስቦ ሰቆጣ አምጥቷል፤ መንደርተኛው በአውጫጭኝ ተቀምጦ፣ እርስ በርሱ ተመራምሮ ሌባውን እስኪያወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ባላቸውም እዚያው ናቸው። ዘጠኝ ቀን! ማሽላው ደርሷል፣ አጫጅ የለም፣ ወፍ እየጨረሰው ነው። የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ከጣቢያው ጀርባ። እኔ መዝገብ ሳገላብጥ እነሱ ከግድግዳው ማዶ! አፈርሁ።

8 ሰዓት
ሄድሁ። ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ዛፍ ሥር። ገመድ የለ፣ ሰንሰለት የለ። መ/አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ጥያቄዬ ገረመው። አውጫጭኝ የአባት ደንብ ነው፣ እስር ስላልሆነ አይመዘገብም አለ። እውነቱን ልናገር፣ አባቴም ተቀምጦበታል፤ እስር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ግን ቀና ብለው «ልጄ፣ አሁን ተነሥቼ ብሄድ ይለቁኛል?» አሉኝ። መ/አለቃው ቀደም ብሎ «ሌባው ሳይወጣማ አይሆንም» አለ። በቀጥታ ወደ ፍ/ቤት ገሰገስሁ።

ኅዳር 6
ዳኛው አዘዙ፤ ሁሉም ተለቀቁ! እናቲቱ በአገውኛ መርቀውኝ፣ ባላቸውን አስከትለው ወደ አዝመራቸው። ደስታዬ ወሰን የለው። መ/አለቃው ዘወር አድርጎ መከረኝ፦ ነገሩ አልቋል፣ ሪፖርትህም ንጹሕ ሆኖ ሄዷል፣ ዝም አይነቅዝም። ምክሩ ለኔም ለሱም ይበጃል። እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም።

ኅዳር 7
ሌላ ደብዳቤ ጻፍሁ። የኅዳር 3 ሪፖርቴ ሐሰት ነው፤ መዝገቡን አየሁ እንጂ ግቢውን አላየሁም፤ ጥፋቱ የጣቢያው ብቻ ሳይሆን የኔም ነው። ስሜን እስከ አያቴ ጻፍሁ። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል። ያባርሩኝ። በፊርማዬ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።
ፖስታው ታሽጓል። አሁን በቅሎ አስጭኜ ዝቋላ ጣቢያ እወርዳለሁ። መዝገብ አምጡ አልልም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ።